የኦርቪል መሳቢያና ባለሪባኗ ግማሽ ዶላር

ኦርቪል ሄግማን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም ነበር? የልብ ጓደኛው ዌንደል ራይናርት ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሲያገላብጠው ኖሯል፤ መልስ ግን አላገኘለትም። አንዳንድ ቀን በወንዙ ዳር መንገድ መኪናውን እየነዳ «ያውቅ ነበር እንጂ፤ ያ ዓይን ያንን እንዴት ያጣዋል?» ይላል። ጥቂት ሄድ ብሎ ደግሞ «ቢያውቅ ኖሮማ በዚያች ማክሰኞ በገዛ እጁ ይዟት አይመጣም ነበር» ብሎ ራሱን ይረታል። ኦርቪል በሕይወት ሳለ ሊጠይቀው ይችል ነበር። ቢጠይቀውም ኖሮ ሰውዬው ፈገግ ብሎ ስለ ጓሮው ቲማቲም ማውራት ይጀምር ነበር።

ኦርቪል ፎክስተን በምትባለው የኦሃዮ ከተማ፣ በውሃ ፓምፕ ፋብሪካው ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነው። ረጅምና ቀጭን ነበር። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያፏጫል፤ ዜማውን ግን አንድም ቀን አግኝቶት አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ ጥፍሩ ሥር የገባውን የማሽን ዘይት መጀመሪያ በቤንዚን፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ እንደገና በሳሙና አጥቦ ነው ወደ ማዕድ የሚቀርበው። ጎረቤቶቹ ንጹሕ ሰው ነው ይሉታል። የሚታጠበው ግን ለእራቱ አልነበረም፤ ከእራት በኋላ ለምትከፈተው መሳቢያ ነው።

በመሳቢያዋ ውስጥ የ1806 ግማሽ ዶላር ነበረች። በአንድ ፊቷ ፀጉሯን በሪባን የያዘች፣ ትከሻዋ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል ያደረገች ሴት አለች፤ በሌላው ፊቷ ክንፉን የዘረጋ ንስር። የዚያ ዘመን የብር ሳንቲም ከኪስ ኪስ፣ ከመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ወደ ዳቦ ሻጭ እጅ ሲንከራተት ስለኖረ የሴትዮዋ ፊት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው። የኦርቪልዋ ግን ወጪ ሆና አታውቅም። ከማተሚያው እንደወጣች አንድ ሰው በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጣት፤ ከእርሱ በኋላ ልጁ፣ ከልጁም በኋላ የልጅ ልጁ ሳይገልጧት ኖሩ። ስለዚህ ፀጉሯ ዘለላ በዘለላ ይታያል። ጠርዟ አካባቢ ብሩ ከዕድሜ ብዛት ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ አድልቷል። ከመብራት ሥር ዘንበል ሲያደርጓት ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ በፊቷ ላይ ይዞራል። የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ነፍሳቸውን የሚሰጡት ለዚያ ጎማ ነው። አንዴ የታሸ ብር ጎማውን መልሶ አያገኝም፤ ቢወለወልም፣ ቢታጠብም፣ ቢለመንም።

«ባለሪባኗ» ይላት ነበር ኦርቪል።

ያገኛት ገና ወጣት ሳለ፣ በሞተር ሳይክሉ ለውጦ ነው። ሞተር ሳይክሉ ቀይ ነበር። እጮኛውን ኢርማን ከኋላ አፈናጥጦ ሲያልፍ ፓስተሩ ሳይቀሩ በመስኮት ብቅ ይሉ ነበር ይባላል። አንድ ቅዳሜ ግን ኦርቪል በእግሩ መጣ።

«ሞተሩስ?» አለችው ኢርማ።

«ለወጥኩት።»

«በመኪና?»

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ገለጥ አደረገላት። ኢርማ መጀመሪያ ሳንቲሟን አየች፤ ቀጥላ እሱን አየችው።

«እሺ፤ እና ከዛሬ ጀምሮ እዚች ላይ ነው የምታፈናጥጠኝ?»

ወደ ሠርጋቸው በእግራቸው ሄዱ። ኢርማ ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስታወራው ኖረች። በተወራ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል፤ አንድ ጊዜ ዝናብ ተጨመረበት፣ በኋላም በረዶ ሆነ። የተጋቡት በጠራራ የበጋ ቀን እንደነበረ ዌንደል ያውቃል፤ ሚዜው እሱ ነበርና። እርሱም ቢሆን ዓመታት ካለፉ በኋላ በረዶው ትዝ ይለው ጀምሮ ነበር።

የሳንቲሞቹን ሳጥን ኦርቪል ራሱ ዋልነት ከሚባል ጠንካራ እንጨት ሠራው። ስስ ስስ መሳቢያዎች፣ በእያንዳንዱ መሳቢያ ውስጥ ክብ ጉድጓዶች፣ በጉድጓዶቹ ውስጥ አረንጓዴ ከፈይ። እዚህ ላይ የቶርኖ ሰው ጠባዩ ገባበት። ብረት ከብረት ጋር ሲገጠም ለትንፋሽ ያህል ክፍተት ካልተተወለት እንደሚነክስ ያውቃል። እናም ባለሪባኗ ስትወጣ ስትገባ ጠርዟ እንዳይፋቅ ብሎ ጉድጓዷን ከእርሷ በትንሹ አሰፋላት። ፊቷ ላይ አቧራ እንዳያርፍባት ደግሞ በፊቷ ደፍቶ፣ ጉንጯን ወደ ከፈዩ አድርጎ ነበር የሚያስተኛት። መሳቢያዋ ስትሳብ ሳንቲሟ ከፈዩ ላይ ሸርተት ትልና ከእንጨቱ ጋር ትገናኛለች። ጠቅ።

ዌንደል ያንን ድምፅ ልክ እንደ ራሱ ቤት በር ያውቀዋል። ሐሙስ ሐሙስ ካርታ ሊጫወት ይመጣ ነበር። በሩ ላይ የወባ ትንኝ መረብ አለ፤ ከውጭ የፌንጣ ድምፅ፣ ከሬዲዮው የቤዝቦል ጨዋታ ይሰማል። ከጨዋታው መሀል ኦርቪል ካርታውን ዘርግቶ ይነሳል። ጠቅ።

«ሰላም አለችህ?» ትላለች ኢርማ ከወጥ ቤት።

«አለችኝ።»

«እኔን ግን ከሥራ ስትገባ ሰላም አላልከኝም።»

«አንቺ ጠቅ አትይማ!»

«ይኸው!» ትልና ድስቱን በማንኪያ ትመታለች።

ኦርቪል ሳንቲሟን በሁለት ጣቱ፣ በጠርዟ ብቻ ያነሳታል። ትንፋሹን ይይዛል። ጎማው አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ይዞራል። ከዚያ መልሶ በፊቷ ይደፋታል፤ መሳቢያውን ይገፋል፤ መጥቶ ይሸነፋል። በካርታ ቀሽም ነበር። ዌንደል እነዚያን ሐሙሶች ሲያስብ አንድ ነገር ብቻ ይቆጨዋል፤ ያን ጊዜ ዘመኑ የሚያልቅ አይመስልም ነበር፤ ስለዚህ ማንም ልብ ብሎ አላየውም። ሁሉም ሰው አለ። ሬዲዮው አለ። ኢርማ የጋገረችው የፖም ፓይ መስኮቱ ላይ ይቀዘቅዛል። ነገም ሐሙስ የሚሆን ይመስል ነበር።

የከተማዋ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር በወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሰበሰብ ነበር። ሕጋቸው ጥቂት ነው፤ ግን አይጣስም። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ አይቀበሉም፤ አንዱ ፎጣው ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ከፎጣው ላይ ያነሳል። ጣት ፊቱን አይነካም። ደግሞ ሳንቲም ላይ አፍ አይከፈትም፤ ከአፍ የወጣች ጠብታ ብር ላይ ካረፈች ከዓመታት በኋላ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለችና። በዚህ ምክንያት የፎክስተን ሰብሳቢዎች ሳቃቸውን እንኳ ወደ ትከሻቸው ዞረው መሳቅ ለምደው ነበር።

የማኅበሩ ዓይን ኦርቪል ነበር። አንድ ሰው አዲስ ግዢውን በኩራት ፎጣው ላይ ያኖራል። ኦርቪል ያነሳል፣ ያዘነብላል፣ ይመልሳል፣ ወደ ትከሻው ይዞራል።

«ታጥባለች።»

«ከአንተ በላይ?» ትላለች ሄስተር ሎማክስ። ሄስተር ፖስታ ቤት አርጅታ ጡረታ የወጣች፣ ከማኅበሩ ወንዶች ሁሉ ቀድማ መሰብሰብ የጀመረች ሴት ናት።

«ከእኔ በላይ። ያውም በሙቅ ውሃ።»

ባለሳንቲሙ ይናደዳል፤ ወር ሙሉ ይኮርፋል። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚመጣውም ኦርቪል ትክክል እንደነበረ ገብቶት ነው። የሚገርመው ኦርቪል የሰውን ሁሉ ሲመዝን የራሱን ባለሪባኗን አንድም ቀን ወደ ጠረጴዛው አላመጣትም። ማየት የፈለገ ቤቱ ይመጣል፤ ኦርቪል በጠርዟ ይዞ ከሩቅ ያሳየዋል፤ ይመልሳታል። «ከታተመች ጀምሮ ሰው ያልነካት» ይላል። ማንም አልተጠራጠረውም።

ኢርማ ሞተች። የሐሙሱ ካርታ ቀጠለ፤ ነገር ግን ከወጥ ቤት የሚመልስ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ፕላስቲኩ መጣ። በሩቅ ከተማ ያሉ ሰዎች ሳንቲሙን በፖስታ ተቀብለው፣ መርምረው፣ ደረጃውን ጽፈው በጠንካራ ግልጽ ሳጥን ውስጥ ያሽጉት ጀመር። ዜናውን ያመጣው ራንዲ ፖውስ የሚባል የብረታ ብረት መደብር ያለው ወጣት ነው። «ከታሸገ በኋላ ማንም አይነካውም» ይላል፤ «ለዘላለም።» አሮጌዎቹ አፌዙበት። «የኔንም ምላስ አሽጉልኝ» አለች ሄስተር። ኦርቪል ግን አልሳቀም። ልጅ አልነበረውም። ከእሱ በኋላ ባለሪባኗ የማን እጅ እንደምትገባ እያሰበ ይመስላል።

ማኅበሩ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሲል አባላቱ ሁሉ ያላቸውን ምርጥ ሳንቲም ይዘው እንዲመጡ ተባለ። ሦስት ዳኞች ይመዝኑታል፤ ባለቤቱ እስከዚያው ውጭ ይቆያል። ኦርቪል እጁን አወጣ።

«ባለሪባኗን አመጣለሁ» አለ። «ያልታሸች መሆኗን እናንተ ከመሰከራችሁልኝ ለራንዲ ሰዎች ልኬ አሳሽጋታለሁ። ሳልሞት ሰው የማይነካት ቦታ ላድርሳት።»

ከዳኞቹ አንዱ ዌንደል ነበር፤ ሌሎቹ ሄስተርና ራንዲ።

በዚያች ማክሰኞ ኦርቪል ክራባት አስሮ መጣ። ሳንቲሟን በጠርዟ ይዞ ፎጣው ላይ አኖራት፤ ከሄስተር ፓይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሳህን ላይ አነሳና ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያነሳቻት ሄስተር ነበረች። አዘነበለቻት። መለሰቻት። ማጉያ መነጽሯን አወጣች፤ እንደገና አነሳቻት። ከዚያ አስቀምጣት ወንበሯን ወደኋላ ገፋችና ተነስታ እስከ መስኮቱ ድረስ ሄደች፤ አፏን የከፈተችው እዚያ ደርሳ ነው።

«ጉንጯን እዩት» አለች፤ ወደ መስታወቱ ዞራ።

ዌንደል አየ። ጎማው ከፀጉሯ ተነስቶ፣ በግንባሯ አልፎ፣ ጉንጯ ጋ ሲደርስ ይሰበራል። እዚያ ላይ ብሩ ግራጫ ነው፤ የደከመ። ትከሻዋም ላይ እንደዚያው።

«ወጪ ሆና ነበር እንዴ?» አለ ራንዲ፤ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ።

«ወጪ አልሆነችም» አለ ዌንደል። «በኪስ የዞረች ብትሆን ንስሩም ይታሽ ነበር። ንስሩ ግን እንደተወለደ ነው። የታሸው ፊቷ ብቻ ነው። ወደታች የምትደፋበት ፊቷ...»

ጆሮው ውስጥ ያ ድምፅ መጣበት፤ ከሬዲዮው ጋር፣ ከፌንጣው ጋር፣ ከኢርማ ማንኪያ ጋር። ሳንቲሟ ከከፈዩ ላይ ሸርተት የምትልበት፣ በየምሽቱ፣ በየዓመቱ።

«ምንድነው?» አለች ሄስተር።

«መሳቢያው ነው» አለ ዌንደል። «ራሱ ነው ያሻት። ሊያያት በሳባት ቁጥር።»

ሄስተር እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ በዚህ ጊዜ ስለ ሳንቲሟ ብላ አልነበረም።

«እንተውላቸው» አለ ራንዲ። «ያልታሸች ናት እንበላቸው። ማንን ይጎዳል? ሽማግሌ ናቸው።»

«ከዚያ አሽጉልኝ ብሎ ይልካታል» አለች ሄስተር። «እነሱ ደግሞ ታሽታለች ብለው በሳጥኑ ላይ ጽፈው ይመልሱለታል። ከማያውቃቸው ሰዎች ይስማው? እኔ ዕድሜዬን ፖስታ ቤት ነው የጨረስኩት ልጄ። መርዶ በፖስታ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማን ይንገራቸው?»

ሁለቱም ዌንደልን አዩት።

ኦርቪል ደረጃው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ዌንደል ጉልበቱን ይዞ ከጎኑ አረፈ።

«ፓይው እንዴት ነው?»

«ሄስተር ጨው ረስታለች። ንገረኝ።»

«ጉንጯ ላይ ታሽታለች፣ ኦርቪል። ትከሻዋም ላይ ትንሽ።»

ኦርቪል ሹካውን ሳህኑ ላይ አስተኛው።

«ንስሩስ?»

«ንስሩ ምንም አልሆነም።»

«ፊቷ ብቻ ነው።»

«ፊቷ ብቻ።»

ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ አንድ ሰው ኦርጋን እየተለማመደ ነበር፤ እየተሳሳተ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ኦርቪል ያንን የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። መሳቢያ የምትለዋ ቃል የዌንደል ምላስ ላይ መጥታ ቆመች።

«ጉንጯ» አለ ኦርቪል በመጨረሻ፣ «ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር።»

ዌንደል እስከ ዛሬ የሚያገላብጣት ይህችን ቃል ነው። የሰው ልጅ ማየት የማይፈልገውን የማያይበት መንገድ አለ፤ የኦርቪል ንግግር ከዚያ ወገን ሊሆን ይችላል። ወይም ሰውዬው ከብዙ ዓመት በፊት አይቶት ነበር፤ ጎማው ጉንጯ ላይ ሲሰበር አንድ ምሽት አይቶ፣ መሳቢያዋን ለዘላለም ዘግቶ ከመተውና ነገም ከመክፈት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ በነጋታውም ከፈተ። ወይም ደግሞ ለራሱ መናገር ያቃተውን ሰው እንዲነግረው ነው ክራባት አስሮ የመጣው። ሦስቱም ልክ ይመስላሉ። ሦስቱም አብረው ልክ አይሆኑም።

ኦርቪል ተነስቶ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ባለሪባኗን ከፎጣው ላይ በጠርዟ አነሳት።

«ሚስተር ሄግማን» አለ ራንዲ ፊቱ ቀልቶ፣ «እኔ... ብናሳሽጋት እኮ አሁንም ጥሩ ደረጃ ታገኛለች። እንደርስዎ ሳንቲም ያለው ሰው ጥቂት ነው።»

«የፕላስቲክ ሳጥንህን ለራስህ አድርገው፣ ልጄ። ብሎን አስቀምጥበት።»

«ኦርቪል» አለች ሄስተር።

«አንቺ ለፓይሽ ጨው አድርጊለት፤ ሌላው ይደርሳል።»

ማንም ወደ ትከሻው ዞሮ አልሳቀም።

ዌንደል በመኪናው ወደ ቤት አደረሰው። በመንገዱ ሁሉ ስለ በቆሎው አጨዳ፣ ስለ ድልድዩ ጥገና አወሩ። ብቻውን ሊተወው ስላልፈለገ አብሮት ገባ፤ ሾርባ ሊያሞቅ ወጥ ቤት ሄደ። ሳህን ይዞ ሲመለስ ሊጥለው ምንም አልቀረው።

ኦርቪል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ባለሪባኗን ባዶ መዳፉ ላይ አኑሯታል። በጠርዟ አልያዛትም። ጠፍጣፋ፣ መዳፉ መሀል፣ ለአውቶቡስ እንደሚከፈል ሳንቲም። አውራ ጣቱ ጉንጯ ላይ ነበር።

«ኦርቪል! እጅህ!»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ወዝ አለበት! ፓይ በልተህበታል!»

«አዎ» አለ ኦርቪል። አውራ ጣቱን አላነሳም። «ቀዝቃዛ ትሆናለች ብዬ አስብ ነበር። አይደለችም። ቶሎ ትሞቃለች።» መዳፉን ከፍ ዝቅ አደረገው። «ደግሞ ከባድ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ክብደቷን አላውቅም ነበር። በጠርዙ የተያዘ ነገር አይከብድም።»

ዌንደል ሳህኑን አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። በማኅበሩ ሕግ ይህ ወንጀል ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ከጠረጴዛው ያስነሱት ነበር።

«አንተም ያዛት» አለ ኦርቪል፣ እጁን ዘርግቶ።

ፎጣ አልነበረም። ዌንደል ከእጁ ወደ እጁ ተቀበላት፤ በሕይወቱ እንዲያ አድርጎ አያውቅም። ሞቃለች፤ የኦርቪልን መዳፍ ሙቀት ይዛ ነበር። የጠርዟ ፊደላት ጣቱን ቆረቆሩት። ትንሽ ይዟት መለሰለት።

«ከዳቦ ሻጩ ጋር ብትውል ኖሮ» አለ ኦርቪል፣ «ስንት ሰው ያገኛት ነበር እኮ። እኛ ቤት ስትኖር ግን ከእኔ ጣት በቀር ያገኛት የለም። ኢርማ ደግሞ አንድም ቀን አልነካቻትም። ለምናኝ ነበር። እንዳትነኪ አልኳት።»

«አላጠፋህም። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው።»

«ሁላችንም» አለ ኦርቪል።

ሾርባው ቀዘቀዘ። ኦርቪል ስለ አንድ የክረምት ወቅት ማውራት ጀመረ፤ ወንዙ ወደ በረዶ ረግቶ ከተማው ሁሉ በላዩ ላይ የሄደበት፣ ኢርማ የወንድሟን ጫማ አድርጋ እየወደቀች የሳቀችበት። ዌንደል ያንን ክረምት ያስታውሰዋል። እሱም የረሳውን ጨመረበት፤ በበረዶው ላይ እሳት አንድደው ድንች የጠበሱትን ሰዎች ስም ጠሩ፤ ከመካከላቸው በሕይወት ያለ እንደሌለ ሁለቱም ልብ አሉ። በወሬው መሀል ኦርቪል ጣቶቹን በሳንቲሟ ላይ ከደነ። ድምፁ ቀስ እያለ ሄደ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር መሀል እንቅልፍ ወሰደው።

ዌንደል አየው። ላብና ብር አይስማሙም፤ እስኪነጋ እዚያ ከቆየች ፊቷ ላይ የጣቱ አሻራ እንደሚቀር ያውቃል። ሊያወጣት እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ተዋትና ብርድ ልብሱን ከሶፋው ላይ አንስቶ በጉልበቱ ላይ ጣል አደረገለትና መብራቱን ዝቅ አደረገ።